ከጥዱ ኩርባ በላይ

ይሄ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ነገር ጨምሬበት ከሆነ ምላሴ ፀሐይ እንደበላው ጎማ ይሰነጣጠቅ። አውቃለሁ፣ ባለፈው ዓሣ በብስክሌት ፓምፕ ነፍቼ በእጥፍ ኪሎ ሸጥኩ ብዬ የማልኩትም እኔው ነኝ። ያኛውን ተዉት፤ ያኛው ለጨዋታ ነበር። ይሄኛውን የነገረኝ ሰው ግን ሲነግረኝ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ማረጋጋት አልቻለም። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ውሸታም አይቼ አላውቅም፤ ውሸታም ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ስሙኝ።

ጀልባው ዘግይቷል።

ጭልፋ ሐይቁ ዳር ተንበርክኮ ያልተበላሸ ጎማ ይጠግናል። ይነቅለዋል፣ ይገጥመዋል፣ መልሶ ይነቅለዋል። ከኋላው ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል።

ሰውየው ገጽ አይገልጥም።

 ጭልፋ ዞሮ ማየት ፈለገ። አልዞረም። የሚፈራ ሰው አንገት ቶሎ ይዞራል፤ ይሄን ሁሉም ሰላይ ያውቃል፣ ገጽ የማይገልጡ ሰዎችም ያውቃሉ።

ጭልፋ የምስጢር ስሙ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ሰው የማድ ቤት ዕቃ ነው፤ ስም ያወጣው ሹም የዚያን ቀን ምሳ አምልጦት ነበር ይባላል። አለቃቸው ማሰሮ ነው። የሥራ ጓዱ ሹካ። ለሰው ዓይን ግን ጭልፋ የአንዲት ብስክሌት አስጎብኚ መካኒክ ነው፣ ሹካ ደግሞ ለዚህ ጉዞ ገና የቀጠረችው መንገድ መሪ። ሴትዮዋ እንግዶቿን በብስክሌት በሦስት ሐይቆችና በሁለት የተራራ በሮች በኩል ትወስዳለች። በር የሚሉት ተራራው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ መንገድ የሚያሳልፍበትን ቦታ ነው። ከሁለተኛው በር ቁልቁል ሦስተኛው ሐይቅ አለ። ሐይቁ ላይ ድልድይ አለ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ኬላ። ከድልድዩ ወዲያ ሌላ አገር ነው።

ጀልባው መጣ። ቀዛፊው ሻንጣ እንደሚያወርድ አንድ ሽማግሌ በብብቱ ይዞ አወረደ።

«ጎማው ምን ያህል ይነፋ?» አለ በይለፍ ቃሉ።

«ሐኪም ያዘዘውን ያህል።»

«እንግዲያው ተረከብ። እንዳትሰብረው፣ ሌላ የለንም።»

የተረከበው ዕቃ ሰው ነበር።

ሽማግሌው ፋርማሲስት ናቸው። የልጆች ሳል ሽሮፕ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ፣ ሽሮፑ ውስጥ ሰው ሊቀምሰው የማይገባ ርካሽ ፈሳሽ እንደሚጨመር ደረሱበት። ልጆች እየሞቱ ነበር። አብረዋቸው የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አፋቸውን ከፈቱ፤ አንዱ ደረጃ ላይ ወደቀ፣ ሌላው መኪና ገጨው። የቀሩት እሳቸው ናቸው። ምን እንደተጨመረ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ሁሉም ያለው በጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው። ድልድዩን ከተሻገሩ የሚሰማቸው የሐኪሞች ሸንጎ እየጠበቀ ነው። ካልተሻገሩ ሽሮፑ ነገም ይሸጣል።

በረንዳው ላይ ወንበር ተንቋቋ። ባለ ጋዜጣው ተነሳ። ሽማግሌውን አየ፣ ጋዜጣውን አጠፈ፣ ሄደ።

ያየውን አይቷል።

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ ጭልፋ የሰጣቸውን የብስክሌት ልብስ ዘርግተው፣ «የዚህ ሱሪ ሌላው ክፍል የት አለ?»

«ሙሉው እሱ ነው ጋሼ።»

«እኔ? በዚህ? ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ እንኳ እንዲህ ሆኜ አይታኝ አታውቅም!»

«ለዚህ እኮ ነው። መኪና በየኬላው ይፈተሻል። ጠባብ ቁምጣ የለበሰ ሽማግሌ ግን የትኛውም ወታደር መንካት አይፈልግም። ያፍራል።»

«እሱ ካፈረ እኔ ምን ልበል!» አሉ። ግን እጃቸው የልብሱን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ አይለቅም። መቀለድ የሚፈልጉት ስለፈሩ ነበር።

ሹካ ከሱቁ እየሮጠ መጣና ትከሻቸውን አቀፈ። «ጋሼ፣ አይዞዎት። እኔ ይሄን ጅብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እርስዎን እንዴት ያቅተኛል?»

ጅብ ያለው ጭልፋን ነው። እውነቱንም ነው፤ ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው። ሹካ ከስለላው በፊት የውድድር ጋላቢ ነበር። ጭልፋ ግን ለዚህ ሽፋን ተብሎ በጎልማሳነቱ ነው የተማረው፤ ጉልበቱ ሲላጥ፣ ሹካ እየሳቀ ቁስሉን ሲያጥብለት። ከሁሉ በፊት ያስተማረው የእጅን ነገር ነበር። ብስክሌተኛ ከፊቱ ያለውን ጎማ ተጠግቶ ሲነዳ ነፋስ አይመታውም፤ ግን ከዚያ ጎማ በቀር ምንም አያይም። ስለዚህ የፊተኛው ሰው ጉድጓድ ባየ ቁጥር እጁን ወደ ታች ዘርግቶ በጣቱ ያሳያል።

«ከኋላህ ያለው ሰው ዕውር ነው፣» ይለው ነበር ሹካ። «ጠላትህም ቢሆን ታሳየዋለህ። የተበደለ ሰው ያኮርፋል፣ ይሳደባል፣ ይደባደባል። ጉድጓድ ግን አይደብቅም። ይሄ የእኛ ሰዎች ሃይማኖት ነው።»

የመጀመሪያውን በር እያለከለኩ ተሻገሩ። ሽማግሌው ዳገቱን ወጡት፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬን ጨብጠው እንደ ሙሽራ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ሐይቅ ዳር ያለው ማረፊያ ቤት ገቡ። የድርጅቱ ባለቤት ቀድማ በመኪና ደርሳ እንግዶቿን ስታስተናግድ ነበር። ወፍራም ሴትዮ ናት፣ ድምፅዋ ከጡሩምባ ይበልጣል፤ ሁሉም እትዬ ጎማ ይሏታል፣ እሷም ትወደዋለች። ስለ ስለላው የምታውቀው ነገር የለም። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው ተብላለች።

«እኝህን አባት ነገ ቀደም ብላችሁ አውጡልኝ፣» አለች። «ሌላው እንግዳ ከኋላቸው ሲንቀራፈፍ ይውላል። ሦስታችሁ ቅደሙ፣ እኔ ከሌሎቹ ጋር እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ሄደን ቁልቁለቱን እንየው፣» አለ ሹካ። «እኔ ይሄን መንገድ እንኳን በጎማ በሕልሜም ረግጬው አላውቅ።»

ሁለቱ ሁለተኛውን በር ወጥተው ወዲያኛውን ቁልቁለት ጥቂት ወረዱ። ሹካ ከፊት፣ ጭልፋ ጎማውን ተጠግቶ። መንገዱ ተራራውን እንደ እባብ ይጠመጠማል። በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል። በየኩርባው የጎርፍ መውረጃ አለ፣ ላዩ ላይ አራት ማዕዘን የብረት ፍርግርግ። ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው ስለተኙ ጎማ ይንገጫገጫል እንጂ አይገባም። ማንም አያሳየውም።

ብቻውን የቆመ ጥድ ያለበት ኩርባ ጋ ሲቃረቡ የሹካ እጅ ወደ ታች ወረደች። በጣቱ ወደ ቀኝ አሳየ።

ጭልፋ አየ። ምንም የለም። ንጹሕ አስፋልት።

ኩርባውን ዞሩ።

ፍርግርጉ እዚያ ነበር፣ ከቋጥኙ ጀርባ። የዚህኛው ብረቶች ግን መንገዱን አላቋረጡም። ከመንገዱ ጋር አብረው ተኝተዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ቀጭን ጎማ እስከ ወገቡ ይውጣል። ጠርዙ ላይ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ያበራል። አንድ ሰው በቅርቡ አንስቶ አዙሮታል።

ሹካ ሳያየው አሳየው።

 ይሄን መንገድ በሕልሙም የማያውቀው ሰው፣ ከቋጥኝ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ አወቀ። ሰውየው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተችው እጁ ናት። የስንት ዓመት ልማድ፣ ከኋላ ሰው ሲኖር ወጥመድም ቢሆን ታሳያለች። ራሱ ሹካ ማሳየቱን አላወቀም። እያፏጨ ይነዳል።

ከኩርባው ወዲያ የመከለያ ግንብ የለም። ከሥር ሐይቁ እንደ ሳንቲም ትንሽ ሆኖ ይታያል።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ሹካ።

«ደከመኝ።»

«ነገ እኔ እመራለሁ። ጋሼን ከጎማዬ ላይ አጣብቄ አወርዳቸዋለሁ። አንተ አታስብ።»

ጭልፋ ሳቀ። ጥርሱ እንዳይንቀጫቀጭ ነበር የሳቀው።

ማረፊያው ተመልሰው ሹካ ሊዋኝ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ጭልፋ ከኮርቻው ሥር ካለው ቧንቧ ትንሿን ስልክ አውጥቶ ከብስክሌቶቹ መጋዘን ጀርባ ተደበቀ።

«ዕቃው ደህና ነው?» አለ ማሰሮ።

«ደህና ነው። ሹካ ግን ይሄን መንገድ ከዚህ በፊት ያውቀዋል?»



«አያውቀውም። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

«ስማኝ ልጄ። ነገ ቁልቁለቱ ላይ ሹካ ይምራ። ሽማግሌው እሱን ይከተል። አንተ ከኋላ ሁን። ራቅ በል።»

«ምን ያህል ልራቅ?»

«የሚሆነውን ማየት እስኪያቅትህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጭልፋ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ።

ማሰሮም ተሽጧል።

ደረጃ፣ መኪና፣ አሁን ደግሞ ብስክሌት። ሽማግሌ ሰው፣ ጠባብ ኩርባ፣ ማን ይጠረጥራል? ሹካ በመጨረሻዋ ቅጽበት ጎማውን ገለል ያደርጋል፤ ከኋላው ያሉት ዕውር ሽማግሌ ቀጥ ብለው ይገባሉ።

ምን ያድርግ? ወደ ኋላ ቢመለስ መንገዱ አንድ ነው፣ ባለ ጋዜጣው እዚያ አለ። ሽማግሌውን ይዞ በተራራው በእግር እንዳይሻገር ዳገቱ ፍየል ይጥላል። ሹካን ፊት ለፊት እንዳይናገር፣ ሹካ ኮርቻው ሥር ባለች ቦርሳ ሽጉጥ አለው። ጭልፋም አለው። ግን ተራራው ላይ አንድ ጥይት ከጮኸ ኬላው ይዘጋል፣ ሽማግሌውም ወዲህ ይቀራሉ። ፍርግርጉን ሄዶ ቢመልሰው ሹካ ሌላ መላ አያጣም። ሹካ እስካለ ድረስ ሽማግሌው ድልድዩን አያዩም።

 ሐሳቡን እዚያው ጨርሶ ተነሳና ወደ እትዬ ጎማ ሄደ።

«እትዬ ጎማ፣ የመኪናዋን ቁልፍ። ትልቁን መፍቻ ተራራው ላይ ረስቼው መጣሁ።»

«መፍቻ ረሳህ? ራስህን አለመርሳትህ! ጭንቅላትህ በብሎን ባይታሰር ኖሮ እሱንም ጥለኸው ትመጣ ነበር። እንካ! ፍሬኗን ቀስ አድርገህ ያዝ፣ እሷም እንደኔ እርጅና ተጭኗታል።»

ከጥዱ ኩርባ በላይ ሌላ ኩርባ አለ፣ ዳሩ ላይ ነጭ የተቀባ አጭር ግንብ ያለበት። ጭልፋ መኪናዋን እዚያ አቁሞ በመፍቻው ጫፍ የዚያን ኩርባ ፍርግርግ ፈነቀለ። ከበደው። አንድ የጭነት መኪና ከሥር ሲያቃስት ተሰማ። ጎማ እንደሚቀይር ሰው መኪናዋ ሥር ተኛ። ጭነት መኪናው አጠገቡ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ።

የቆመ መሰለው።

አለፈ።

ተነስቶ ብረቱን አዞረውና መልሶ አስተኛው፤ ክፍተቶቹ ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኑ። ማታ ሌላ ብስክሌተኛ ቢያልፍስ? ይሄ ጥያቄ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ መኪናዋ ውስጥ አብሮት ተቀምጦ መጣ።

እራት ላይ ሹካ ለሽማግሌው ብርቱካን እየላጠ ያጎርሳቸዋል። «ይብሉ ጋሼ፣ ነገ ጉልበት ያስፈልጋል።» ሽማግሌው ይመርቁታል። ጭልፋ ሾርባውን ወደ ጎን ገፋ። ያቺን ብርቱካን የምትልጥ እጅ ያውቃታል፤ ቁስሉን ያጠበች እጅ ናት። የዚያን ሌሊት ሹካ አልጋውን በሩ ላይ ገትሮ ተኛ፤ ነፋስ ይገባል ብሎ።

ጭልፋ ዓይኑን ከድኖ አነጋ።

ማለዳ ሁለተኛው የተራራ በር አናት ላይ ብርዱ ጥርስ ያስነክሳል። ዳገት የወጣ ሰው ላብ በላብ ስለሆነ ቁልቁለቱን እንዲያው ከወረደ ደረቱን ብርድ ይመታዋል፤ ስለዚህ ብስክሌተኞች አናት ላይ ቆመው ጋዜጣ ሸሚዛቸው ውስጥ ይከታሉ። ጭልፋ ለሽማግሌው ጋዜጣ ሰጣቸው። ዘርግተው አዩት። ደርቀው ቀሩ።

«ምነው ጋሼ?»

የገጹን ግማሽ የሞላ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ሕፃን ማንኪያ ይዛ ትስቃለች። የእሳቸው ፋብሪካ ሽሮፕ።

«ይሄን በደረቴ ልሸከም?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው አጠፉትና ከሸሚዛቸው ሥር ከተቱት። «ይሁን። ይሙቀኝ። እዚያ ደርሼ ላሳያቸው።»

ሹካ ትንሽ ራቅ ብሎ ሽንቱን ይሸናል። ጭልፋ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ላይ የሹካን ጎማ እንዳይጠጉ።»

«እሱ ግን ይጣበቁ ነው ያለኝ።»

«ቢለምንዎትም አይጠጉ። ቢሰድብዎትም አይጠጉ። ፍሬንዎን ይዘው ከኋላ ይቅሩ። እኔ እጄን ዘርግቼ ካሳየሁዎት ብቻ እኔን ያምናሉ።»

ሽማግሌው ዓይኑን አዩት። ሰው በዓይን ብቻ ብዙ ይጠይቃል። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። 

ጭልፋ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ተፈተለከ።

«ሄይ!» ጮኸ ሹካ ወደ ብስክሌቱ እየሮጠ። «ወዴት ነው? ከኋላ ሁን አልተባልክም እንዴ?»

ጭልፋ ፍሬን ያዘ። ማሰሮ ያን የተናገረው ለእሱ ብቻ ነበር።

«ማን አለኝ?» አለ።

ሹካ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።  አንድ እጁ ኮርቻው ሥር ወዳለችው ቦርሳ ዝቅ አለች፣ እዚያው ቆመች።

ጭልፋ ሳቀ። ከየት እንዳመጣው አያውቅም። «ትናንት አንተ ነፋሱን ከለልክልኝ፤ ዛሬ እኔ ልከልልህ። አስተማሪ አይደለህም? ተማሪህን እስኪ እየው።»

ሹካ አሰበ። መካኒኩ ከፊት ቢሆንስ ምን ይጎድልበታል? እሱ ሁለተኛ፣ ሽማግሌው ከእሱ ጎማ ላይ። ነገሩ ያው ነው። እጁ ከቦርሳዋ ተነሳች።

«በል ምራ፣ ጅብ። ጥዱ ጋ ስንደርስ ግን ቀስ በል።»

ወረዱ።

ነፋሱ ጆሮን ያደነቁራል። አስፋልቱ ከጎማው ሥር ይሮጣል። አንድ ጉድጓድ። ጭልፋ አሳየ። ከኋላው ሹካ ገለል አለ። የወደቀ ድንጋይ። አሳየ። ሹካ ገለል አለ። 

«ጋሼ! ይጠጉ!» ሹካ ይጮሃል። «ይጠጉ እንጂ! ምን ይፈራሉ? እኔ አለሁ አይደል!»

ሽማግሌው አይጠጉም። ፍሬናቸው ሲያለቅስ ከሩቅ ይሰማል።

«ጋሼ! ከእኔ ጎማ ላይ!»

ድምፁ ዞሮ ነው የሚመጣው። ሹካ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚጮኸው።

ነጩ ግንብ ታየ።

ጭልፋ ፍርግርጉን አየው። ወደ ግራ ገለል አለ፣ በጥቂቱ። ቀኝ እጁ መሪውን ልትለቅ ተነሳች። ማንም ሳያዛት ተነሳች። ጣቷ ተዘረጋ።

መልሶ ጨበጣት።

እጁን እንደ ሌባ እጅ መሪው ላይ ጨምድዶ ያዛት። ጉልበቷ አስገረመው።

ድምፅ መጣ። ብረት። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ግንቡ ላይ። ከዚያ የሚንከባለል የብስክሌት ጎማ ብቻውን አጠገቡ አልፎት ሄደና ገደሉ ውስጥ ገባ።



ጭልፋ ቆመ። ብስክሌቱን ጥሎ ወደ ላይ ሮጠ። ሹካ ግንቡ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ክፍት ነው። ፊቱ ላይ ንዴት የለም። የገረመው ሰው ፊት ነው። ጭልፋ ተንበረከከ።

«አላሳየኸኝም፣» አለ ሹካ።

ጭልፋ ራሱን ቀና ሊያደርግለት ጎንበስ አለ።

«እኔ እኮ... ከኋላህ ነበርኩ።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ጭልፋ መንገድ እንዳይዘጋ ከአስፋልቱ ዳር አስጠጋው፤ በገዛ ኮቱ የሹካን ፊት ሸፈነ። ፍርግርጉንም አንስቶ እንደ ነበረው አስተኛው። ሽማግሌው ደርሰው ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ደረታቸው ላይ ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል።

«ይሄ ልጅ ትናንት አጉርሶኛል፣» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ይውጡ። እንሂድ።»

ጥዱ ኩርባ ጋ ጭልፋ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ አሳየ። ሽማግሌው ገለል አሉ። አለፉ።

ኬላው ላይ ወታደሮቹ ሽማግሌውን ሲያዩ ሣቁ። አንደኛው ግን አልሣቀም። መዝጊያውን እንጨት በእጁ ተደግፎ ጭልፋን አየው።

«ሦስት ናቸው ተብለን ነበር።»

ማን ነገራቸው?

 ሽማግሌው ጭልፋን ቀደሙት።

«ሦስተኛው ሆዱን አሞት ቁጥቋጦ ውስጥ ቀረ!» አሉ ጮክ ብለው። «ጠብቁ ብሎን ነበር። እኔ ግን ልጄ፣ በዚህ ቁምጣ ብርድ ላይ ቆሜ ሰው አልጠብቅም! አንተ ከፈለግህ ሂድና ፈልገው፤ ሽታውን ተከትለህ ነው የምትደርስበት!»

ወታደሮቹ ፈነዱ። ያልሣቀውም ሣቀ። መዝጊያው ተነሳ።

ድልድዩ ረጅም ነበር። ጭልፋ ጀርባው ላይ ጥይት እየጠበቀ ነዳ። ከወዲያ አንድ መኪና ቆሟል፣ በሩ ክፍት። ሽማግሌው ከብስክሌቱ ሲወርዱ መኪናው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። ሽማግሌው ከመስኮቱ የጭልፋን እጅ ያዙ።

«ስምህን አልነገርከኝም።»

«አያስፈልግዎትም ጋሼ።»

ያ ሽሮፕ ከየመደብሩ ተለቅሞ ወጣ። ይሄን የሰማሁት በኋላ ነው። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሰዎች ታሰሩ። ስንት ልጅ እንደዳነ ማንም አያውቅም፤ ያልታመመ ልጅ ማን ይቆጥራል?

ጭልፋ ግን ያን ዕለት ሐይቁ ዳር ቆሞ ሳለ ስልኳ ጮኸች።

«ምን አደረግክ?» አለ ማሰሮ።

«ሥራውን ጨረስኩ።»

«ትእዛዙ ሁለታችሁንም ለማጥፋት ነበር። ሽማግሌውንም አንተንም። ‹ጭልፋን ከኋላ አድርጉት፣ ምንም አያይም፣ እሱን ተዉልኝ› ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ የለመነኝ ሹካ ነው። ታውቃለህ?»

ጭልፋ አላወቀም ነበር።

ስልኳን ወደ ሐይቁ ወረወራት። ጓንቱንና ሄልሜቱን የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከተተ። ብስክሌቱን ለሚፈልግ ሰው ክፍት ትቶ ወደ አውቶቡስ ተራ በእግሩ ሄደ፤ ከሚጮኸው፣ ከሚሸጠው፣ ሻንጣ ከሚጎትተው ሰው መካከል ገብቶ አንዱ ሆነ። የት እንደወረደ የሚያውቅ የለም። እኔም ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፣ ስሙም ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ባየውም አልነግራችሁም።

ይኸው ነው። ማልኩላችሁ አይደል? እንግዲያው ሳትይዙኝ ራሴው ልናዘዝ፤ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ሹካ ምንም አልተናገረም። ወይም ተናግሮ ይሆናል፣ የሰማው ግን የለም። ፊቱንም በኮት የሸፈነው የለም። ጭልፋን ነጩ ግንብ ጋ ያቆምኩት፣ ከብስክሌቱ ያወረድኩት፣ ያንበረከክኩት እኔ ነኝ፤ ሹካ ብቻውን ተጋድሞ ሲቀር መጻፍ አቃተኝ። ጭልፋ የነገረኝ ግን እንዲህ ነው፤ ድምፁን ሰማ፣ ለሽማግሌው «አይዩ፣ በግራ በኩል ይከተሉኝ» ብሎ ጮኸ፣ ፍሬኑንም አልነካም።